የጭነት መኪናና የገጠር መንገድ፦ ከሰርኪስ ባቡር እስከ ቀበሌ መንገድ

ስለ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ዕድገት ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የአባላት ቁጥር፣ የካፒታል መጠን፣ የተሰበሰበው ምርትና ለአባላት የተከፈለው የትርፍ ድርሻ ነው። መንገድ በሪፖርት ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ሲበላሽ ነው። ይሁን እንጂ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን የሚደርሰው፣ እህሉና ቡናውም ወደ ገበያ የሚወጣው በመንገድ ነው። መንገዱ ሲቆረጥ የትራንስፖርት ዋጋ ይንራል፤ የዘር ወቅት ያልፋል፤ በምጥ የተያዘች እናትም በቃሬዛ ትወጣለች።

መንገድ ለምን ይበላሻል ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «ዝናቡ ነው» ወይም «ሥራው ጥራት ስለጎደለው ነው» የሚል ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሦስተኛው ምክንያት በመንገዱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። የመንገድ ታሪክ ወደኋላ ሲታይ የሚያስተምረው ዋና ነገርም ይህ ነው፦ ለጥቂት መኪና ታስቦ የተሠራን መንገድ የሚያፈርሰው የሚያልፍበት መኪና ብዛት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ መኪና የተሸከመው ጭነት ልክና ያለፈበት ወቅት ነው።

ክብደት መንገድን ይሠራል፣ ያፈርሳልም

በአገራችን የዘመናዊ መንገድ ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የተዘረጋው መንገድ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በ1896 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ የመንገድ መዳመጫ በጂቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ አስመጣ። ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ጠራው። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል መዲናዋ የገባችው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1900 ዓ.ም. ነው።

የሰርኪስ ባቡር ክብደት መንገድ የሚሠራ ክብደት ነበር። መዳመጫ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ክብደቱን በሰፊ የብረት ጎማ ላይ ያሳርፋል፤ የሚዳምጠውም እርጥበቱ የተመጠነ አፈርና ድንጋይ ነው። የጭነት መኪና ግን ቶኖችን የሚያክል ክብደት መሬት በሚነካው ጥቂት የጎማ ክፍል ላይ ያሳርፋል። ያ ክፍል ከሁለት የተዘረጉ መዳፎች ብዙም አይበልጥም።

ይህ ልዩነት ከዚያ በፊትም ለመንገድ ሠሪዎች እንግዳ አልነበረም። የጥንት ሮማውያን ሕግ በመንግሥት መንገድ የሚሄዱ ጋሪዎች ከተወሰነ ክብደት በላይ እንዳይጭኑ ይከለክል ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ አካባቢ የመንገዶች ኃላፊ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጆን ላውደን ማክአዳም ደግሞ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አስተማረ። በመጨረሻ ክብደቱን የሚሸከመው ከሥር ያለው አፈር ነው፤ አፈሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይሸከማል፤ ውሃ ከገባበት ግን ከላይ የተደረደረው ድንጋይ ብቻውን አያድነውም አለ። የዛሬ መሐንዲስም ከዚህ ትምህርት አልወጣም።

የትሬንታ ኳትሮ ዘመን

ከባድ የጭነት መኪና በአገራችን በብዛት የታየው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ወራሪው ጦርና ስንቁ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ስላስፈለገው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዘረጋ። የብዙዎቹ መንገዶች መሠረት በእጅ የተደረደረ ድንጋይ ሲሆን ከላዩ ስስ አስፋልት ተነጥፎበት ነበር። በእነዚህ መንገዶች ላይ ሲተሙ ከነበሩት መኪናዎች አንዱ ሕዝቡ እስከ ዛሬ በስሙ የሚያስታውሰው የፊያት ሥሪት የሆነው «ትሬንታ ኳትሮ» ነው። መኪናው ከወረራው በኋላም በኢትዮጵያውያን እጅ ገብቶ ለረጅም ዓመታት እህልና ሸቀጥ አመላልሷል።

መኪናው ቀረ፣ መንገዱን የሚጠግን ድርጅት ግን አልነበረም። ከነፃነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ጭነቱ ሳይቋረጥ ጥገናው ተቋረጠ። ስሱ አስፋልት ተሰነጠቀ፤ ውሃ ወደ ውስጥ ገባ፤ መንገዱም በየቦታው ተቦረቦረ። መንግሥት በመስከረም 1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር የተበደረው እነዚህኑ መንገዶች መልሶ ለማቅናት ነበር። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የሚባለውን መሥሪያ ቤት ብዙ ሰው አሁንም «አውራ ጎዳና» የሚለው ከዚያ ጀምሮ ነው።

አዲሱ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን ያከናወነው በአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ባለሙያዎች እገዛ ነው። በዚያን ጊዜ ከባድ መኪና መንገድን እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል፤ ምን ያህል ክብደት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ በቁጥር ያረጋገጠ ግን አልነበረም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በአገራቸው መልሱን እየፈለጉ ነበር።

በኢሊኖይ የተደረገው ፈተና

አሜሪካኖቹን ለጥናት ያነሳሳቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የደረሰባቸው ኪሳራ ነው። የባቡር መሥመሮች በጦር ዕቃ ሲጨናነቁ ጠጣር ጎማ ያላቸው የጭነት መኪናዎች ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ወደ ምሥራቅ ወደቦች በአውራ ጎዳና እንዲሄዱ ተደረገ። ለጋሪና ለቀላል መኪና የተሠሩት መንገዶች በተለይ በረዶው ቀልጦ መሬቱ በረጠበበት በ1918 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት ፈራረሱ። ከዚያ በኋላ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በኢሊኖይ፣ በ1950 በሜሪላንድ፣ ከ1952 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. በአይዳሆ የሙከራ መንገዶች ተሠርተው መኪና እየተነዳባቸው ተጠኑ። የአይዳሆው ጥናት የውጭው ጎማ የሚሄድበት የመንገዱ ጠርዝ ከውስጠኛው ይልቅ ቶሎ እንደሚጎዳና ትከሻው ሲጠናከር ጉዳቱ እንደሚቀንስ አሳየ።

ትልቁ ሙከራ የተካሄደው በኢሊኖይ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ከጥቅምት 1958 እስከ ኅዳር 1960 እ.ኤ.አ. ወታደር አሽከርካሪዎች የጭነት መኪናዎችን ሌሊትና ቀን በየተመደበላቸው ዙር መንገድ ላይ ነዱ። በአንደኛው ዙር በዘንግ 1 ቶን እንኳ የማይሞላ ቀላል ጭነት፣ በሌላው በአንድ ዘንግ ከ13 ቶን በላይ የሆነ ከባድ ጭነት ይመላለስ ነበር። ዘንግ፣ አሽከርካሪዎች አክስል የሚሉት፣ የግራና የቀኙን ጎማ የሚያያይዘው ብረት ነው። የአስፋልቱና የኮንክሪቱ ውፍረትም ከቦታ ቦታ እንዲለያይ ተደርጎ ነበር። ሙከራው እስኪጠናቀቅ በየዙሩ 1 ሚሊዮን 114 ሺህ ጊዜ ያህል ዘንግ አለፈ። ወጪውም 27 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ከሙከራው ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች ተገኙ።

የመጀመሪያው ጉዳቱ ከክብደቱ ጋር እኩል እንደማያድግ ነው። በዘንግ ላይ ያለው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ እጥፍ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በመሐንዲሶች ዘንድ «የአራተኛ ኃይል ሕግ» የሚባለው ይህ ነው፤ የጭነቱ ብልጫ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ይታሰባል። በዚሁ ስሌት 10 ቶን መሸከም የሚገባው ዘንግ 12 ቶን ቢጫን ጉዳቱ ከእጥፍ ይበልጣል። 13 ቶን ቢጫን ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። የአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ዘንግ ግማሽ ቶን ቢሸከም ባለ 10 ቶኑ ዘንግ አንዴ ሲያልፍ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማድረስ 160 ሺህ ጊዜ ማለፍ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ወቅት ነው። በሙከራው ከተበላሹት የአስፋልት ክፍሎች አብዛኞቹ የተበላሹት በጸደይ፣ በረዶው ቀልጦ ከሥር ያለው አፈር በውሃ በራሰበት ጊዜ ነው። ያው መኪና፣ ያው ጭነት፣ ያው መንገድ በደረቁ ወራት ብዙም ጉዳት አልደረሰበትም። ማክአዳም ከመቶ ዓመት በፊት የተናገረው በቁጥር ተረጋገጠ።

ጎማው ሥር ምን ይሆናል?

ወፍራም አውራ ጎዳና ከጎማው የወረደውን ክብደት በየንብርብሩ እያሰፋ ስለሚያወርደው አፈሩ ጋር ሲደርስ ይቀላል። የገጠር መንገድ ግን ስስ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ የሚለብሰው ገረጋንቲ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ክብደቱ ሳይሰፋ በቀጥታ አፈሩ ላይ ይወርዳል።

አፈሩ ጥቁር ከሆነ ችግሩ ይብሳል። በየአካባቢው ዋልካ፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ይነገራል። በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይላላል። በዚህ አፈር ላይ ከባድ መኪና በዝናብ ማግሥት ሲያልፍ ጠጠሩ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ጭቃው ወደ ላይ ይወጣል፤ በጎማው መሄጃ ሁለት ቦይ ይቀራል። በቀጣዩ ዝናብ ውሃው በመንገድ ዳር ባለው ቦይ መውረዱን ትቶ በዚያ ጎማ በቆፈረው ቦይ ይተኛል። ሌላው መኪና ሲመጣ የሚያገኘው ከፊተኛው ይልቅ የላላ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ጥቂት ቀን ጉዳት ዓመቱን ሙሉ የሚቀጥለው ስለዚህ ነው።

የአራተኛ ኃይል ሕግ የተገኘው በአስፋልትና በኮንክሪት ላይ በመሆኑ ለጠጠር መንገድ ቁጥሩ እንዳለ አይሠራም። የጠጠር መንገድ በቀላል መኪና ፍጥነትም ይጎዳል፤ ጠጠሩ ይበተናል፤ ላዩም እንደ ቆርቆሮ ይሸነሸናል። ይህ ጉዳት ግን በግሬደር ተስተካክሎ ይመለሳል። ከሥር ያለው አፈር ከተሰበረ ግን መንገዱን ቆፍሮ እንደገና መሥራት ግድ ይላል።

ሕጉና የቀበሌ መንገድ

በአገራችን የተሽከርካሪን ክብደትና መጠን የሚወስን ሕግ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያም ለመሪ ዘንግ 8 ቶን፣ ለነጠላ የኋላ ዘንግ 10 ቶን የሚል የጋራ ጣሪያ አለው። ሞጆን በመሳሰሉ ቦታዎች የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች የቆሙትም ለዚሁ ነው። በ1990 ዓ.ም. በተነሳው የድንበር ጦርነት ምክንያት የአሰብ ወደብ አገልግሎት ሲቋረጥ የአገሪቱ ጭነት በሞላ ጎደል በጂቡቲ መሥመር ላይ ወደቀ። በአዋሽና በሚሌ በኩል የሚያልፈው መንገድ የተሸከመው ጫና የክብደት ቁጥጥርን አስፈላጊነት ለሁሉም ግልጽ አደረገ።

በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር በአገሪቱ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኝ የነበረውም ሩቡን አይሞላም። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ተነደፈ። በአምስት ዓመት ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ለመሥራት ታቅዶ ሕዝቡም በጉልበቱና በገንዘቡ ተሳተፈ።

እነዚህ መንገዶች የተነደፉት ለምን ዓይነት ትራፊክ እንደሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በዚያው በ2003 ዓ.ም. የወጣው የአነስተኛ ትራፊክ መንገዶች የዲዛይን መመሪያ እነዚህን መንገዶች በቀን እስከ 300 ተሽከርካሪ የሚያልፍባቸው ብሎ ይገልጻቸዋል። ዝቅተኛው ደረጃ በቀን ከ25 የማይበልጥ ተሽከርካሪ የሚያስተናግድ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ባለ ተሳቢ መኪና ወይም አሸዋና ድንጋይ የሞላ ገልባጭ መኪና በክረምት ሲመላለስበት ከአቅሙ በላይ ነው። የክብደት ጣቢያ ያለው ግን በዋናው አስፋልት ላይ እንጂ በቀበሌው መገንጠያ ላይ አይደለም። ስለሆነም ደካማው መንገድ ጠባቂ የለውም።

የአንድ ዩኒየን ስሌት

ጉዳዩን ከኅብረት ሥራ አኳያ ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለአንድ መሠረታዊ ማኅበር 1,800 ኩንታል ማዳበሪያ ይደርሳል እንበል። መኪናው በአንድ ጉዞ 60 ኩንታል ቢጭን 30 ጊዜ ይመላለሳል፤ የኋላ ዘንጉም 8 ቶን ገደማ ይሸከማል። ያው መኪና 90 ኩንታል ቢጭን ምልልሱ ወደ 20 ይወርዳል፤ የኋላ ዘንጉ ግን ወደ 10.5 ቶን ይደርሳል። በአራተኛ ኃይል ሕግ የሁለተኛው አንድ ጉዞ ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ገደማ ይጎዳል። ሃያው ጉዞ በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በመጀመሪያው መኪና 60 ጊዜ ከመመላለስ ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። አሥር ጉዞ ተቆጥቦ ጉዳቱ እጥፍ ሆነ።

የአሥሩ ጉዞ ቁጠባ ወዲያው በደረሰኝ ላይ ይታያል። የመንገዱ ጉዳት ግን በማንም ሂሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የሚከፍለው በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያውን በአህያ የሚያጓጉዘው፣ እህሉንም መንገድ ተበላሽቷል ተብሎ በርካሽ ለደላላ የሚሸጠው ራሱ አባሉ ነው። የጭነት ክፍያው በኩንታል ሲሆን ባለ መኪናው አብዝቶ ቢጭን አይፈረድበትም፤ የሚያተርፈው በዚያ ነውና። ውሉን የሚጽፈው ግን ዩኒየኑ ነው።

ወቅቱም ሊታሰብበት ይገባል። ማዳበሪያ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀበሌ የሚጓጓዘው ግንቦት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሲሆን፣ ይህ መንገዱ ከዓመቱ ሁሉ እጅግ የሚደክምበት ጊዜ ነው። የኦታዋው ሙከራ በጸደይ ያሳየው በአገራችን በየክረምቱ ይደገማል። የመኸር ምርት የሚወጣው በደረቁ ወራት በመሆኑ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ምን ይደረግ?

ሌሎች አገሮች ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ውስብስብ አይደለም። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት በየጸደዩ በደካማ መንገዶች ላይ የሚፈቀደው የዘንግ ጭነት ለተወሰኑ ሳምንታት ዝቅ ይላል። በካሜሩንና በቻድ ደግሞ ዝናብ ሲጥል የገጠር መንገዶች በኬላ ይዘጋሉ፤ መንገዱ እስኪጠፈጥፍ ከባድ መኪና ቆሞ ይጠብቃል።

ከዚህ ታሪክ በመነሳት ለዩኒየኖችና ለወረዳ አስተዳደሮች በእጃቸው ያሉ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ማዳበሪያው በተቻለ መጠን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ወደ መሠረታዊ ማኅበራት መጋዘን እንዲገባ ማድረግ ነው። ግዥው ከዘገየ መንገዱም አብሮ ይከፍላል። ስለዚህ የመጋዘን ግንባታ የመንገድ ጥገናም ጭምር ተደርጎ መታየት አለበት።

ሁለተኛ፣ በትራንስፖርት ውል ውስጥ በመኪናው ዓይነት ልክ የጭነት ጣሪያ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ የክብደት ጣቢያ አያስፈልግም። የማዳበሪያ ከረጢት 50 ኪሎ ግራም ነው፤ ከረጢት መቁጠር መመዘን ነው። ባለ 60 ኩንታል ጭነት 120 ከረጢት ነው፤ የመጋዘን ጠባቂው በጣቱ ቆጥሮ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፣ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቢያንስ መንገዱ እስኪጠፈጥፍ ድረስ ከባድ መኪና እንዳይገባ የወረዳው አስተዳደር በቀበሌው መገንጠያ ላይ ኬላ ቢያቆም ነው። ይህ የአሸዋና የድንጋይ መኪናዎችንም ይመለከታል። አንድ ወይም ሁለት ቀን መዘግየት ከአንድ ዓመት መንገድ ማጣት ይሻላል።

አራተኛ፣ የውሃ መውረጃ ቦዮችና ቱቦዎች ከክረምት በፊት እንዲጠረጉ ማድረግ ነው። ደረቅ አፈር ይሸከማል፤ ይህም በአካፋና በዶማ፣ በአባላት ጉልበት ሊሠራ የሚችል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በሰኔ መባቻ የሚጠረግ ቦይ በመስከረም ግሬደር ከመለመን ያድናል።

የቀበሌ መንገድ የተሠራው በመንግሥት በጀትና በአርሶ አደሩ ጉልበት ነው። መጋዘኑን፣ የእህል ወፍጮውንና የዩኒየኑን መኪና ጥንቃቄ ተደርጎ እንደሚያዝ ሁሉ መንገዱም የአባላቱ የጋራ ሀብት ነው። የመንገዱ ዕድሜም የሚወሰነው መኪናው መጋዘን ደጃፍ ላይ ሲጫን በሚቆጠረው ከረጢት ጭምር ነው።